የደም መርጋት ምርመራ፦ ቲዩቡ የሚነግረንና የማይነግረን

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጆን ሃግማን የተባለ አሜሪካዊ የባቡር ሠራተኛ ለቀዶ ሕክምና ሲዘጋጅ ደሙ ተመረመረ። ቲዩብ ውስጥ የገባው ደም ቶሎ አልረጋ አለ። የሚገርመው ግን ሰውየው ያልተለመደ መድማት ገጥሞት አያውቅም። ሐኪሙ ኦስካር ራትኖፍ በ1955 ጉዳዩን ጽፎ አሳተመ። የጎደለው ዛሬ ፋክተር 12 የምንለው ፕሮቲን ነበር። ሃግማን በ1968 ሲሞት የገደለው መድማት አልነበረም። አጥንቱ ከተሰበረ በኋላ ሳንባው ውስጥ የተሰነቀረ የረጋ ደም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም ብርጭቆ ሲነካ መርጋቱን የሚያስጀምረው ፋክተር 12 ነው። ቁስል ላይ ግን ዋናው ቀስቃሽ ከተጎዳው የሰውነት ክፍል የሚመጣ ሌላ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ምርመራው የሚለካው ቲዩብ ውስጥ የሆነውን ነው። ሰውየው ይደማል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ሊ እና ዋይት በ1913 ያስተዋወቁት የድሮ ዘዴ ደምን ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ እስኪረጋ ሰዓት መያዝ ነበር። ቀለል ያለ ሂሞፊሊያ (በዘር የሚተላለፍ የደም አለመርጋት ሕመም) ያመልጠዋል። ዛሬ በብዛት የሚታዘዙት ፒቲ እና ኤፒቲቲ ናቸው፤ ሁለቱም ደም ለመርጋት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ይለካሉ። ኤፒቲቲ ሂሞፊሊያን ለመጠርጠርና ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ሄፓሪንን ለመከታተል ይጠቅማል። የፒቲ ችግር ደግሞ የአንዱ ላብራቶሪ ሰከንድ ከሌላው አለመግጠሙ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1983 አይኤንአርን፣ ማለትም የፒቲን ውጤት ወደ አንድ የጋራ ቁጥር የሚቀይረውን ስሌት፣ የተቀበለው ይህን ለማስታረቅ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ደሙ ለመርጋት ይዘገያል ማለት ነው።

እኛ አገር አይኤንአርን በደንብ የሚያውቁት በሩማቲክ የልብ በሽታ ቫልቫቸው ተጎድቶ ሰው ሠራሽ የተገጠመላቸው ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ገና ወጣት ናቸው። ዋርፋሪን፣ ማለትም ደም ማቅጠኛውን፣ ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። ለአብዛኛው የዋርፋሪን ተጠቃሚ ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል፤ ለአንዳንድ ቫልቮች ከፍ ይላል። ዋርፋሪን የሚሠራው ለደም መርጋት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኬን በመቃወም ነው። ጎመን ደግሞ ቫይታሚኑ ሞልቶታል። ጾም ገብቶ ጎመን በየቀኑ ማዕድ ላይ ሲቀርብ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ጎመን ይተው ማለቴ አይደለም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ብዙ አይለዋወጥ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ቁጥሩን ያወርዳል፣ ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ይሰቅለዋል። ይህ ቁጥር የተሠራው ለዋርፋሪን ነው። ጉበቱ የታመመ ሰው ላይ ከፍ ብሎ ቢታይ "ደሙ ቀጥኗል፣ አይረጋበትም" ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ይረጋበታል።

ብዙ ስህተት የሚገባው ገና ደም ሲቀዳ ነው። ሰማያዊ ክዳን ያለው ቲዩብ ውስጥ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲትሬት የሚባል ፈሳሽ አለ። ለ1 እጅ ሲትሬት 9 እጅ ደም ያስፈልጋል። የታካሚው ሥር አስቸግሮ ቲዩቡ ግማሽ ላይ ከቀረ ሲትሬቱ ይበዛል፣ ጤነኛው ሰው የመርጋት ችግር ያለበት ይመስላል። ሄፓሪን ከገባበት መስመር የተቀዳ ደምም እንዲሁ ያሳስታል።

ማሽን በሌለበት ጤና ጣቢያ ግን ቀላሉ ብልቃጥ አሁንም ሕይወት ያድናል። እፉኝት ለነደፈው ሰው 2 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ንጹህ፣ ደረቅ የብርጭቆ ቲዩብ ውስጥ ይደረጋል። ሳይነካ 20 ደቂቃ ይቀመጣል። ከዚያ አንዴ ዘንበል ይደረጋል። ደሙ አሁንም ፈሳሽ ከሆነ መርዙ የመርጋት ፕሮቲኖቹን ጨርሷቸዋል፤ ፀረ መርዝ ያስፈልጋል። ቲዩቡ ፕላስቲክ ከሆነ ወይም በሳሙና ታጥቦ ከነበረ ግን የጤነኛ ሰው ደምም ላይረጋ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምና በፊትስ? ለሁሉም ሰው ፒቲና ኤፒቲቲ ማዘዝ ብዙም አይጠቅምም። የተለመደው የመድማት ሕመም፣ ፎን ቪለብራንድ የሚባለው፣ ሁለቱንም ትክክል አስመስሎ ሊያልፍ ይችላል። ይልቅ ታካሚውንና ቤተሰቡን መጠየቅ ነው፦ ጥርስ ሲነቀል ደሙ ስንት ሰዓት ቆየ? የወር አበባ ይበዛል? ልጁ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ ነበር? የእናቱ ወንድምስ እንዲህ ይደማ ነበር?