የገዢ ፍላጎት ከየት ይመጣል?

ሰው አንድን ዕቃ ለምን ይገዛል? የተለመደው የኢኮኖሚክስ መልስ ቀላል ነው። የሚፈልገውን ያውቃል፣ ዋጋ ያወዳድራል፣ የሚሻለውን ይመርጣል። ይህ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ፍላጎት ከልማድ፣ ከጎረቤትና ከሕግ ጋር አብሮ ያድጋል። ፈጠራም የሚያድገው ወይም የሚሞተው እዚያው ነው።

መጀመሪያ አስተሳሰባችን። በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኸርበርት ሳይመን፣ የሰው አእምሮ አማራጩን ሁሉ መርምሮ መጨረስ እንደማይችል አስረድቷል። «ይሄ ይበቃኛል» የሚለውን ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ ደግሞ በ1979፣ ያጡት ነገር ካገኙት በላይ እንደሚሰማ አሳዩ። የለመዱትን ትቶ አዲስ ነገር መሞከር የሚከብደው አንድም በዚህ ነው።

የኢኮኖሚክስ ምሁሩ ቶርስታይን ቬብለን ግን ቀደም ብሎ፣ በ1899፣ ብዙ ዕቃ የሚገዛው ለመታየት ነው ብሎ ነበር። አንዳንዱ ዕቃ እንዲያውም የሚፈለገው ውድ ስለሆነ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ የአዮዋ በቆሎ ነው። በዚህች የአሜሪካ ግዛት የተዳቀለ የበቆሎ ዘር ለገበሬዎች የቀረበው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። ምርቱ ከቀድሞው ይበልጣል፣ ድርቅም ይቋቋማል። ያም ሆኖ ብዙው ገበሬ ለዓመታት አመነታ። ብራይስ ራያንና ኒል ግሮስ ገበሬዎቹን ጠይቀው በ1943 ያሳተሙት ጥናት ምክንያቱን ያሳያል። ብዙዎቹ ስለ ዘሩ የሰሙት ከሻጭ ነው። ያሳመናቸው ግን ጎረቤት ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ትንሽ ማሳ ላይ ሞክረው፣ ውጤቱን በዓይናቸው አይተው ነው ሙሉ በሙሉ የገቡበት።

ሕግም ድርሻ አለው። ቬኒስ በ1474 ባወጣችው የፓተንት ሕግ፣ የአንድን ሰው ፈጠራ ሌላው ያለፈቃዱ ለ10 ዓመት እንዳይሠራው ከለከለች። የፈጠራ ሰው ልፋቱ እንደማይነጠቅ ሲያውቅ ይደፍራል።

ልማድ ግን ፈጠራን ሊዘጋም ይችላል። የእንግሊዝኛው ኪቦርድ የፊደላት አቀማመጥ የመጣው ከ1870ዎቹ የጽሕፈት መኪና ነው። ኦገስት ድቮራክ በ1936 ለሌላ አቀማመጥ ፓተንት አገኘ። የቱ እንደሚሻል ተመራማሪዎች ተከራክረውበታል። ጸሐፊዎቹ ግን የሠለጠኑት በድሮው ነበር፣ ቢሮዎች የገዙትም እሱኑ። ቢሮው በአዲሱ አቀማመጥ የተሠራ የጽሕፈት መኪና ቢገዛ በዚያ የሠለጠነ ጸሐፊ አያገኝም፤ ጸሐፊው በአዲሱ ቢሠለጥን የሚቀጥረው ቢሮ የለም።