ቢ ፊልም ምንድን ነው?

«ቢ ፊልም» ሲባል ብዙ ሰው ተራ ፊልም ማለት ይመስለዋል። ስያሜው የመጣው ግን ከጥራት ሳይሆን ከገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ ተመልካች የሸሻቸው የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ማሳየት ጀመሩ። ስመ ጥር ተዋንያን ያሉበት ዋናው ፊልም «ኤ» ተባለ፣ አብሮት የሚታየው «ቢ»። ባለሱቅ በላዩ ላይ ጣል እንደሚያደርገው ምርቃት ማለት ነው።

ዋናው ቁም ነገር የፊልሙ ኪራይ ላይ ነው። ሲኒማ ቤቱ ለኤ ፊልም ከቲኬት ገቢው ድርሻ ያካፍል ነበር፤ ለቢ ፊልም የሚከፍለው ግን ቁርጥ ዋጋ ነበር። እናም ቢ ፊልም ሕዝብ ቢወደውም ባይወደውም ለሠሪው የሚያስገባው ያው ነበር፤ ማትረፍ የሚቻለው ወጪ በመቆጠብ ብቻ ነበር። ርዝመታቸው ከአንድ ሰዓት ብዙም የማያልፈው፣ ቀረጻቸውም በጥቂት ሳምንታት፣ አንዳንዴ በቀናት የሚያልቀው ለዚህ ነው። የወንጀል ታሪክ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ችግር ይመቻል፤ አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ መኪናና ብዙ ጨለማ ይበቃዋል።

ፒአርሲ የተባለው ትንሽ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1945 ያወጣውን «ዲቱር» የተባለ የወንጀል ፊልም እንይ። ዳይሬክተሩ ኤድጋር ኡልመር ነው፣ ርዝመቱ 68 ደቂቃ። ሁለት ፍቅረኞች ሌሊት በኒው ዮርክ ጎዳና ይሄዳሉ፤ ጎዳናው ግን የለም፤ ያለው ጉም ነው። ገንዘብ ስለሌለ የመጣው ያ ጉም የሰውየውን መጥፋት ከየትኛውም ውድ ትዕይንት በላይ ይናገራል። እኔን ከእነዚህ ፊልሞች ጋር ያስተሳሰረኝ እንዲህ ያለው ድህነት የወለደው ብልሃት ነው።

እንደ ምርቃት የታየ ነገር ጠባቂ አያገኝም። በዚያን ጊዜ ሕግ የቅጂ መብት ከ28 ዓመት በኋላ መታደስ ነበረበት፤ የብዙዎቹን ግን ያደሰላቸው የለም። መብቱ ስለቀረ ማንም እያባዛ ሲሸጣቸው ምስላቸው ደበዘዘ፣ ድምፃቸው ተንኮሻኮሸ። «ዲቱር» እንደገና ጠርቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ2018 ምስሉና ድምፁ ሲታደስ ነው፤ ለእድሳቱ የረዳውም ቤልጂየም ውስጥ ተቀምጦ የቆየ ቅጂ ነበር።

የእነዚህን ፊልሞች ቅጂ መሰብሰብ የምትጀምሩ ከሆነ ከሽፋኑ ሥዕል በፊት ደቂቃውን እዩ። ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከማስታወቂያ ጋር ለማስማማት ፊልም ይቆርጡ ስለነበር፣ 68 ደቂቃ መሆን ያለበት ቅጂ 60 ከሆነ አንድ ትዕይንት የሆነ ቦታ ቀርቷል።