ኦሱዌር ምንድን ነው? የጄኔራል ጉሮና የወታደሮቹ ማረፊያ

ኦሱዌር የፈረንሳይኛ ቃል ነው። የብዙ ሰው አፅም ባንድነት የሚያርፍበት ቤት ማለት ነው። ታዲያ ከመቃብር በምን ይለያል? መቃብር የአንድ ሰው ነው፤ ስሙም ይጻፍበታል። የጦርነት ኦሱዌር ውስጥ ያሉት ግን አብዛኞቹ ስማቸው የጠፋ ወታደሮች ናቸው።

ቃሉ የቆየ ነው። ለፈረንሳዮች የከበደው ግን ከ1ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። መድፉ አንዱኑ መሬት ለዓመታት ሲያርሰው፣ ትናንት የተቀበረው ዛሬ ይወጣል። የአንዱ አጥንት ከሌላው ይቀላቀላል። ጦርነቱ ሲያበቃ አንዲት እናት «የልጄ መቃብር የቱ ነው?» ብትል የሚያሳያት አልነበረም። ኦሱዌር የተሠራው ለእሷም ጭምር ነው። ቢያንስ ሄዳ የምታለቅስበት ቦታ አገኘች።

እኔን በጣም የሚነካኝ በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ሻምፓኝ በሚባለው አካባቢ፣ ሱዌንና ሶምፒ በሚባሉ መንደሮች መካከል ያለው የናቫረን ሐውልት ነው። ናቫረን የእርሻ ቦታ ስም ነበር። እርሻው በጦርነቱ ወደመ። በአካባቢው እንደ ታዩርና ዩርሉ ያሉ መንደሮችም እስከ ዛሬ ተመልሰው አልተሠሩም። ሐውልቱ የፒራሚድ ቅርፅ አለው፤ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ከሥሩ ወደ 10,000 የሚጠጉ ወታደሮች አፅም አለ።

የነዚህ ወታደሮች ስም ሲነሳ ፈረንሳዊው ጄኔራል አንሪ ጉሮም ይነሳል። በ1915 ቱርክ ውስጥ፣ በጋሊፖሊ ቀኝ እጁን አጥቷል። በዚያው አንድ እጁ ወደ ጦር ሜዳ ተመለሰና በሻምፓኝ የ4ኛው ጦር አዛዥ ሆነ። በሐምሌ 1918 ጀርመኖች ሊያጠቁ መሆኑን ሲያውቅ የፊቱን ምሽግ ባዶ አደረገው ማለት ይቻላል። እዚያ የቀሩት ጥቂት ወታደሮች ብቻ ነበሩ። የጀርመን መድፍ ያንን ባዶ ምሽግ ሲደበድብ አነጋ፤ ዋናው ጦር ከኋላ ሆኖ ጠበቃቸው። ጥቃቱም እዚያው ከሸፈ። ያ ውሳኔ የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል። ወታደሮቹ ለእሱ የነበራቸው ፍቅር ከየት እንደመጣ ለመረዳት ይህ ብቻ ይበቃል።

በሁሉም ዘንድ ግን እንዲህ አይታወስም፤ ይህንን መዝለል አልፈልግም። በ1898 በምዕራብ አፍሪካ ፈረንሳዮችን ሲዋጋ የኖረውን መሪ ሳሞሪ ቱሬን የማረከው ያኔ ሻምበል የነበረው ይኸው ጉሮ ነው። ሶሪያንም በፈረንሳይ ስም ገዝቷል። እዚያ ስሙ ሲጠራ የሚታወሰው ሌላ ነገር ነው።

ከፒራሚዱ አናት ላይ ሦስት ወታደሮች ቆመዋል። ቀራጺው ማክሲም ሪያል ዴል ሳርት ራሱ በጦርነቱ ግራ እጁን ያጣ ሰው ነው። ለአንደኛው ወታደር በጦርነቱ የሞተውን የወንድሙን መልክ ሰጠው። ለሌላው የክዌንቲን ሩዝቬልትን፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የቴዎዶር ሩዝቬልት ልጅ ነው፣ በሐምሌ 1918 አውሮፕላኑ ተመትቶ የሞተ። ከጉሮ ጦር ጋር አሜሪካኖችም ተሰልፈው ነበርና። መሐል ያለው ፊት የራሱ የጉሮ ነው። ጄኔራሉ በፈረስ ላይ አልተቀመጠም። የእጅ ቦምብ የሚወረውር ተራ ወታደር ሆኖ፣ ከሁለቱ ጋር እኩል ቆሟል።

ጉሮ በመስከረም 1946 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። አስቀድሞ የተናዘዘው ናቫረን እንዲቀብሩት ነበር። እንዳለውም ከፒራሚዱ ሥር፣ ስማቸው ከጠፋው ወታደሮቹ ጋር ተቀበረ።