ጉልበቱ የት ጠፋ? ስለ ተራራ ስኖሞቢል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮሎራዶ ውስጥ ቬይል ፓስ የሚባል የተራራ መተላለፊያ አለ። ከፍታው 3,250 ሜትር ገደማ ነው። ዴንቨር ለምትኖሩ፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ ሁለት ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ክረምት ሲገባ ስኖሞቢል፣ ማለትም ከፊት በስኪ (በሚንሸራተቱ ሰሌዳዎች)፣ ከኋላ በሚሽከረከር የጎማ ሰንሰለት በረዶ ላይ የሚሄድ የሞተር ማሽን፣ የጫኑ ፒክአፖች እዚያ ይሰለፋሉ። ብዙዎቹ የሚመጡት ከተደለደለው መንገድ ወጥተው፣ ማንም ያልረገጠው ጥልቅ በረዶ ውስጥ ለመንዳት ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ የሚሰማው ምሬት ተመሳሳይ ነው። "ማሽኔ ደክሟል፣ ትልቅ ሞተር ያስፈልገኛል" ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ሞተር ሳይሆን ማስተካከል ነው። ፋብሪካው የእናንተን ክብደት፣ የምትወጡበትን ከፍታና የምትነዱበትን በረዶ አያውቅም። እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

"165 የፈረስ ጉልበት ተብሏል፤ ስለዚህ 165 አለው"

ያ ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። አየሩ ሲሳሳ ኦክስጅን ያንሳል፤ ኦክስጅን ሲያንስ የሚቃጠለው ቤንዚንም ያንሳል። ቬይል ፓስ ላይ ከ165ቱ የሚቀረው 115 አካባቢ ነው። አዲስ አበባ መኪና የነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አዋሽ ሜዳ ላይ የሚፈተለክ መኪና እንጦጦ ሲደርስ ያቃስታል። ጥፋቱ የዳገቱ ብቻ አይደለም፤ የአየሩም ነው።

ቱርቦ ይህን ያካክሳል። ስኪ-ዱ የተባለው የስኖሞቢል ብራንድ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሉ ቱርቦ የተገጠመለት ባለሁለት ምት ሞተር ከፋብሪካ በማውጣት የመጀመሪያው ሆነ። ያ ሞተር 165ቱን ጉልበት እስከ 2,400 ሜትር ይዞ ይወጣል። አዲስ አበባ ያህል ከፍታ ማለት ነው። ከዚያ በላይ እሱም መቀነስ ይጀምራል።

"ዘመናዊ ማሽን ነው፤ ኮምፒውተሩ ሁሉን ያስተካክላል"

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ የአየሩን ግፊትና ሙቀት ለክቶ ቤንዚኑን ይመጥናል። በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ክላቹን ግን አይነካውም።

ስኖሞቢል እንደ መኪና ማርሽ አይቀያይርም። ሁለት ክላቾች አሉት፤ በመካከላቸው ቺንጋ ይዞራል። ሞተሩ ላይ ያለው ክላች ውስጥ ትንንሽ ክብደቶች አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይወረወሩና ክላቹን ይጨምቁታል። ቺንጋው ከፍ ይላል፤ ማሽኑ ይፈጥናል። ሞላው ደግሞ ይህን ይቃወማል። ክብደቱና ሞላው የሚመረጡት ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን በሚሰጥበት ዙር ላይ እንዲቆይ ነው። ለ850 ሲሲ ባለሁለት ምት ሞተሮች ይህ በደቂቃ 8,000 ዙር አካባቢ ነው። ትክክለኛው ቁጥር በየማሽኑ መመሪያ ላይ አለ።

አሁን ከፍታውን አስቡት። ሞተሩ ደክሟል፤ ክብደቱ ግን ያው ለቆላ የተመረጠው ነው። ዙሩን ወደ ታች ይጎትተዋል። ሞተሩ 7,500 ላይ ታፍኖ ይቀራል። አየሩ ከወሰደው ጉልበት ሌላ፣ ተጨማሪ ጉልበት ጠፋ ማለት ነው። ደስ የሚለው ግን ይህኛው የሚመለስ መሆኑ ነው። ቀለል ያለ ክብደት ማስገባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሌላው አምራች ፖላሪስ ለየከፍታው የሚስማማውን በሰንጠረዥ ያወጣል። አንዳንድ የስኪ-ዱ ክላቾች ደግሞ ሳይፈቱ የሚዞር ማስተካከያ አላቸው፤ አንድ ቁጥር መቀየር ዙሩን በ200 ያህል ይለውጠዋል።

ክብደቱን ከልክ በላይ ማቅለልም አይጠቅም። ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጉልበቱ ከጫፉ አልፎ መውረድ ጀምሯል።

"ሰፈር ውስጥ ሞክሬዋለሁ፤ በደንብ ይሠራል"

ጠንካራ መንገድ ላይ ትራኩ፣ ማለትም ከስር የሚሽከረከረው ሰፊው የጎማ ሰንሰለት፣ ብዙ አይታገልም። ዙሩ በቀላሉ ይሞላል። ጉልበት ድረስ የሚያሰምጥ በረዶ ውስጥ ሲገባ ግን ጭነቱ ይጨምርና ዙሩ ይወርዳል። ስለዚህ ሙከራው መሆን ያለበት የምትነዱበት ቦታ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቺንጋውን እዩ። ያለቀ ቺንጋ ካለ ሙከራው ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ ሞተሩንና ክላቹን አሙቁ። የበረዶ ናዳ የማያሰጋበት፣ ረዘም ያለና ገር የሆነ ዳገት ምረጡ። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ተጭናችሁ ዙሩ እስኪረጋ ጠብቁ። የሚያዘው ሲነሳ ብልጭ ያለው ቁጥር ሳይሆን የረጋው ነው። ስትደግሙት የራሳችሁን ዱካ አትከተሉ፤ እሱ ተጠቅጥቋል። አጠገቡ ካለው ካልተነካው በረዶ ላይ ውጡ።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ክብደትና ሞላ አንድ ላይ ከተቀየሩ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ለውጡን ካያችሁ በኋላ ወደ ቀድሞው መልሱና እንደገና ውጡ። የድሮው ቁጥር ከተመለሰ፣ ልዩነቱን ያመጣው የእናንተ ለውጥ ነው። ካልተመለሰ በረዶው ተቀይሯል ማለት ነው። ፀሐይ ያገኘችው የከሰዓት በረዶ ከጠዋቱ ይከብዳል፤ ሁለቱን ማወዳደር ያሳስታል። ከፍታውን፣ የአየሩን ሙቀት፣ የበረዶውን ዓይነትና ዙሩን ጻፉ። የማይጽፍ ሰው በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል።

"ትራኩ በረዘመ ቁጥር ይሻላል"

የተለመዱት 154፣ 165 እና 175 ኢንች ናቸው። ረጅሙ ጥልቅ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፤ ቀጥ ያለ ዳገትም ይወጣል። ዛፎች መካከል ግን ለመጠምዘዝ ያስቸግራል፤ ለማሽከርከርም ጉልበት ይበላል። ጫካ ውስጥ የምትነዱ ቀለል ያላችሁ ሰዎች 154ቱን አትናቁት።

"አሞርዛተሩ ሲላላ ለጥልቅ በረዶ ይመቻል"

የኋላው ከልክ በላይ ከላላ ማሽኑ ወደ ኋላ ይቀመጣል። የፊት ስኪዎቹ ይነሳሉ። ዳገት መሐል ላይ መሪው ምንም አይታዘዝም፤ ማሽኑ ወደ ኋላ የመገልበጥ አደጋም አለ። አሞርዛተር የሚስተካከለው ሙሉ ልብስ ለብሳችሁ፣ የጀርባ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ቆማችሁበት ነው።

ከትራኩ ውስጥ ከፊት በኩል ደግሞ አንድ ማሰሪያ አለ። ሲያጥር ስኪዎቹ በረዶውን ይጫናሉ፤ ሲረዝም ይቀላቸዋል። በጣም ካጠረ ማሽኑን በጎኑ አጋድሎ ተዳፋት ማቋረጥ ይከብዳል። አንድ ቀዳዳ ብቻ መቀየር ጠባዩን ይለውጠዋል። ለአዲስ አሞርዛተር ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እባካችሁ ይህን ማሰሪያ ሞክሩት።

"ትራኩ ሲወጠር በደንብ ይይዛል"

አይደለም። ከልክ በላይ የተወጠረ ትራክ ጉልበት ይበላል፣ ተሸካሚ ጎማዎቹንም ይጨርሳል። በጣም ሲላላ ደግሞ ጥርስ ይዘላል። ልኩ መመሪያው ላይ አለ።

"በረዶ ላይ ነው፤ አይግልም"

ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ትራኩ ወደ ላይ በሚረጨው በረዶ ነው። ትራኩ የሚንሸራተትባቸው ፕላስቲኮችም እንዲሁ። በጠጠረ መንገድ ላይ የሚረጭ በረዶ ስለሌለ ሁለቱም ይግላሉ። በረዶውን እየፋቁ የሚበትኑ ስክራቸሮች የሚወርዱት ለዚህ ነው። በተቃራኒው፣ ማሽኑን ቀዝቃዛ እንደሆነ በኃይል መንዳትም ክልክል ነው። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ቀድሞ ግሎ ይሰፋና ይነክሳል።

"ናዳ የሚያወርደው የሞተር ድምፅ ነው"

ድምፅ አያወርደውም፤ ክብደት ነው የሚያወርደው። ሰው በሞተባቸው የበረዶ ናዳዎች ከአሥሩ በዘጠኙ ገደማ ናዳውን ያስነሳው ራሱ ሟቹ ወይም አብሮት የነበረ ሰው ነው። አብዛኛው ናዳ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ይነሳል። የተስተካከለ ማሽን እንዲህ ያለውን ዳገት በቀላሉ ይወጣል፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ ትንበያ ያወጣል። ከቤት ሳትወጡ አንብቡት። መፈለጊያ ሬዲዮ (በናዳ የተቀበረ ሰው የሚገኝበትን ምልክት የሚልክና የሚቀበል)፣ አካፋና በረዶ ውስጥ እየተወጋ የሚፈለግበት ዘንግ በየሰዉ ጀርባ ወይም ሰውነት ላይ ይሁን፤ ማሽኑ ላይ የታሰረ አካፋ ከማሽኑ ጋር ይቀበራል። ስልክን ከመፈለጊያው ሬዲዮ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ፍለጋ ላይ ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር አርቁት፤ አለበለዚያ ምልክቱን ይረብሻል። ዳገቱን አንድ በአንድ ውጡ። ጓደኛችሁ መሐል ላይ ቢቀረቀር ደግሞ ሮጣችሁ አትከተሉት። ሁለተኛ ማሽን እዚያው ተዳፋት ላይ መጨመር ሁለታችሁንም ሊቀብር ይችላል። ከአደጋው ውጭ ቆማችሁ፣ ራሱ ቆፍሮ እስኪወጣ ዓይናችሁን ከሱ ሳታነሱ ጠብቁት።