ካቃጠለ እየሠራ ነው? ስለተጎዳ የፊት ቆዳ የምንሰማው እና እውነታው

ባለፈው ጥር አንድ ቀን ጠዋት ፊቴን በቧንቧ ውሃ ስታጠብ አቃጠለኝ። ውሃ ነው የምላችሁ። ሳሙና የለው፣ ክሬም የለው፣ ባዶ ውሃ። መስታወት ሳይ ጉንጬ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ የአፍንጫዬ ዳር ተልጧል፣ ግንባሬ ደግሞ በቅባት ያብረቀርቃል። መደርደሪያዬ ላይ የነበረውን ልቁጠርላችሁ፦ ፌስዋሽ፣ ቶነር፣ ቫይታሚን ሲ፣ ሬቲኖል (ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነው)፣ ሁለት ዓይነት ስክራብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከወጥ ቤት የሚመጣ ሎሚ በማር።

ጓደኞቼን ሳማክር አንዷ እርድ አለችኝ፣ አንዷ ሌላ ሴረም፣ አንዷ ደግሞ ቡና በስኳር አድርገሽ ፈግፍጊው። ሁሉም የሚጨመር ነገር ነበራቸው። ቀንሺ ያለችኝ አንድም የለች። በኋላ የቆዳ ሐኪም ጋ ስሄድ ሐኪሟ ዝርዝሬን ሰምታ ሳቀችና «ፊትሽን ለምን አታሳርፊውም?» አለችኝ።

የተጎዳው ነገር ስኪን ባሪየር ይባላል፤ የቆዳ መከላከያ ሽፋን ብንለውም ያስኬዳል። ከወረቀት የሳሳ ነው፣ ግን ግንብ ነው። ጠፍጣፋ የሞቱ ሴሎች እንደ ብሎኬት ተደርድረዋል፣ በመሃላቸው ደግሞ እንደ ሲሚንቶ የሚያያይዛቸው ቅባት አለ። የዚህ ቅባት ግማሽ ያህሉ ሴራማይድ ነው፣ ሩብ ያህሉ ኮሌስትሮል (አዎ፣ ያው የምታውቁት)፣ ከቀረው ውስጥ ደግሞ ዋናው ፋቲ አሲድ። ሥራው ሁለት ነው፦ የውስጡ ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ መያዝ፣ የውጭው ጉድ እንዳይገባ መከልከል። ሲሚንቶው ሲታጠብና ሲፋቅ ግንቡ ይሰነጠቃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የምንፍቀው እኛው ነን።

«ካቃጠለ እየሠራ ነው»

ይሄ አባባል ስንቱን ፊት አበላሸ! አሲድ ያላቸው አንዳንድ ክሬሞች ጤነኛ ቆዳንም ለጥቂት ሰከንድ ቆንጠጥ ሊያደርጉ ይችላሉ፣ እሱን አልክድም። ግን ትናንት ዝም ያለው ተራ ሎሽን ዛሬ ካቃጠለ ሎሽኑ አልጎበዘም፤ ግንቡ ነው የተሰነጠቀው። በስንጥቁ የገባው ነገር የነርቭ ጫፍ ላይ እየደረሰ ነው። ውሃ ራሱ ካቃጠለማ፣ እንደኔ፣ ነገሩ ካለፈ ቆይቷል።

የውጭ ቪዲዮዎች «ፊት ከቀላ ባሪየሩ ተጎድቷል» ይላሉ። ጠይም ፊት ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። እኛ ቶሎ የምናየው አመድ መምሰሉን፣ መሻከሩን፣ ማሳከኩን፣ ታጥበን ስንጨርስ መወጠሩን ነው። ከዚያ ጥቁር ነጠብጣብ ይከተላል። የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ሜላኒን ያበዛል፤ ቁጣው በሳምንት ቢበርድ እንኳ ጥቁረቱ ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የብጉር ጠባሳ ላጥፋ ብሎ ፊትን በየቀኑ የሚያቃጥል ሰው አዲስ ጠባሳ እያመረተ ነው።

«ሎሚ ከጓሮ የመጣ ነው፣ ኬሚካል የለውም»

ሎሚ ራሱ ኬሚካል ነው። የቆዳችን ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5 አካባቢ ነው፣ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ 2 አካባቢ። የ3 ቁጥር ልዩነት ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን በዚህ መለኪያ እያንዳንዱ ቁጥር አሥር እጥፍ ስለሆነ ሎሚው ከቆዳችን አንድ ሺህ እጥፍ ያህል አሲድ ነው ማለት ነው። ቤኪንግ ሶዳ በተቃራኒው ከ8 በላይ ነው። ሁለቱን ደባልቀው የሚቀቡ አሉ፤ አረፋው ሲፈላ ቆሻሻው የወጣ ይመስላቸዋል። የወጣው አምቦ ውሃ ውስጥ ያለው ጋዝ ነው፣ ሌላ አይደለም።

የባሰው ሎሚና ፀሐይ ሲገናኙ ነው። የእኛ ትንሿ ሎሚ ፈረንጆቹ «ላይም» (lime) የሚሏት ናት፣ እና ልጣጯና ጭማቂዋ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሉ። እነዚህ ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ሲመታቸው እውነተኛ ቃጠሎ ያስነሳሉ፣ አንዳንዴ ውሃ እስኪቋጥር ድረስ፣ ከዚያም ለሳምንታት፣ ባስ ሲልም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋሉ። ውጭ አገር የባህር ዳርቻ ላይ ሎሚ የጨመቁ ሰዎች እጃቸው ላይ ይሄ ይታይባቸዋልና ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል። ስሙም ፋይቶፎቶደርማታይተስ ነው፤ ለመጥራት ያለው ጣጣ ራሱ ያስጠነቅቃል። አስቡት እንግዲህ፣ ፊት ይጥራልኝ ብሎ ሎሚ ተቀብቶ የታክሲ ሰልፍ ላይ ፀሐይ ላይ መቆም።

ቡና በስኳር የሚፈገፍጉትንም እዚሁ ላንሳቸው። የስኳር ቅንጣት ማዕዘን አለው። ተረከዝ ሊችለው ይችላል፤ የተጎዳ ጉንጭ አይችልም።

«ፊቴ ቅባታም ነው፣ ክሬም አያስፈልገኝም»

ቅባትና ውሃ ይለያያሉ። የሚያብረቀርቀው ቅባት ከዕጢ የሚወጣ ነው፤ ግንቡን የሚያያይዘው ሌላ ነው። አንድ ፊት ከላይ ቅባት እየጠገበ ከውስጥ ውሃ ሊያጣ ይችላል፣ የእኔም ግንባርና ጉንጭ ምስክር ነው።

ቅባታም ነኝ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ፊቱን በገላ ሳሙና በቀን ሦስቴ ያጥባል። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ፒኤች 9 እና 10 አካባቢ ነው። ቅባቱን ብቻ መርጦ አይወስድም፣ ሲሚንቶውንም ይዞ ይሄዳል። ታጥባችሁ ስትጨርሱ ፊታችሁ በጣት ሲነካ እንደታጠበ ሳህን ከጮኸ ጸድቷል ማለት አይደለም፣ ተራቁቷል። የተጎዳ ፊት ማታ አንዴ ሽታ በሌለው ለስላሳ ፌስዋሽ ቢታጠብ ይበቃዋል፤ ጠዋት ለብ ያለ ውሃ። ለብ ያለ ነው ያልኩት፣ ሻወር ውስጥ እንፋሎት የሚያስነሳውን አይደለም።

«ቫዝሊን ያጠቁራል»

ይሄን ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ አለ? ቫዝሊን ቀለም የሚቀይር ነገር የለውም። ቆዳ ላይ ተቀምጦ ውሃ እንዳይተን ይዘጋል፣ በዚህ ሥራ ደግሞ የሚስተካከለው የለም፤ የሚተነውን ውሃ እስከ 98 በመቶ ይቀንሳል። ግን ከፀሐይ አይከላከልም። ጠዋት ቫዝሊን ተቀብቶ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ከጠቆረ ያጠቆረው ፀሐይዋ ናት።

ሁለተኛው ስህተት ደረቅ ፊት ላይ መቀባቱ ነው። ቫዝሊን ውሃ አይሰጥም፣ ያለውን ይቆልፋል እንጂ። የሌለ ነገር አይቆለፍም። ስለዚህ ታጥባችሁ ፊታችሁ ገና እርጥብ እያለ ክሬም፣ ከላዩ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታክል ቫዝሊን። ማታ ማታ። ብጉር የሚበዛበት ሰው በሚላጠው ቦታ ላይ ብቻ ያድርጋት።

ግሊሰሪን ደግሞ ውሃ የሚስብ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ሳይበረዝ በደረቅ አየር ፊት ላይ ሲደፋ ውሃውን ከራሱ ከቆዳው ሊስብ ይችላል። በውሃ አቅጥኑት፣ ከላይ ክሬም ይሸፍነው።

«ዘይት ሁሉ ያው ዘይት ነው»

አይደለም። የወይራ ዘይት የቅዱስ ነገር ይመስለናል፣ ስሙም ይረዳዋል። ነገር ግን በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ላይ የወይራ ዘይት እና የሱፍ ዘይት ለሳምንታት የአዋቂዎች ክንድ ላይ ተቀብተው ሲወዳደሩ፣ ወይራው ግንቡን አድክሞ ቆዳውን መለስተኛ ቅላት አስያዘው፣ ሱፉ ግን አልጎዳም። ምክንያቱ የወይራ ዘይት በኦሌይክ አሲድ የተሞላ መሆኑ ነው፤ ኦሌይክ ሲሚንቶው መሃል እየገባ ያላላዋል። ሱፍ ግን ሊኖሌይክ የሚባለው ሌላው ፋቲ አሲድ ይበዛዋል። ኑግም ሊኖሌይኩ ብዙ ነው፣ ግን ኧረ ተዉት፣ ፊቴን ኑግ ቀብቼ ቢሮ አልሄድም።

«በሦስት ቀን ፊቴን ያጠራልኝ ክሬም አለ»

እዚህ ጋ ቀልዱን ላቁም። አንድ ሱቅ ውስጥ ስም የሌለው ትንሽ ብልቃጥ ተሰጥቶኝ ያውቃል፤ «ሚክስ ነው፣ እኛው የደባለቅነው» ነበር የተባልኩት። አልተቀባሁትም፣ ግን ብዙ ሰው ይቀባዋል። ምክንያቱም ይሠራል። ማሳከኩ በአንድ ሌሊት ይጠፋል፣ ብጉሩ ይተኛል፣ ፊቱ ይፈካል።

እንዲህ ያለ ፍጥነት ሲያጋጥም መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ስቴሮይድ የሚባለው የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን የመሳሰሉት። እነዚህ መድኃኒቶች መጥፎ አይደሉም። ለችፌ እና ለሌላም የቆዳ በሽታ ሐኪም ቦታውንና ቀኑን ወስኖ ያዛቸዋል። ክሎቤታሶል ከሁሉም በጉልበት አንደኛው መደብ ውስጥ ነው፣ ፊት ላይ ደግሞ ቆዳው ስስ ስለሆነ ብዙ ይሰርጋል። ለወራት ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ ቀጭን የደም ሥሮች እንዲታዩ ያደርጋል፣ የራሱ ብጉር ያወጣል። የሴራማይድ ምርቱንም ያዳክማል። ስለዚህ ባሪየሩን የጠገነ የመሰለው ክሬም ባሪየሩን ሲበላ ከርሟል።

ሲቆም ደግሞ ፊት ይነድዳል። ያብጣል፣ ያቃጥላል፣ ይላጣል። ሰውዬው «አየህ፣ ያለ እሱ አይሆንልኝም» ብሎ ይመለስበታል። ወራት የተቀባችሁ ካላችሁ ብቻችሁን በአንድ ቀን ከመወርወር ይልቅ ብልቃጡን ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አለርት አለ፣ የቆዳ ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ። ሐኪሙ እንዴት እንደሚቀነስ ያውቃል። አፍሮ መደበቅ ብቻ ነው የሚያከብደው።

«ጥቁር ሰው ሰንስክሪን አያስፈልገውም»

ሜላኒን ይከላከላል፣ እውነት ነው። የጥቁር ቆዳ የተፈጥሮ መከላከያ በሰንስክሪን ቁጥር (ዕቃው ላይ SPF ተብሎ በሚጻፈው) ሲለካ 13 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፣ የነጭ ደግሞ 3 ገደማ። ግን የምንኖርበትን ቦታ አንርሳ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች፣ ለምድር ወገብም ቅርብ የሆነች ከተማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የጨረሩ ጉልበት 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም።

የተጎዳን ፊት ብዙዎቹ ሰንስክሪኖች ያቃጥሉታል። ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ሻል ይላል፣ ያው ትንሽ ዱቄት ያስመስላል። እሱም ካልተመቻችሁ ጃንጥላ። እናቶቻችን በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ዘርግተው ሲሄዱ እንስቅ ነበር። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለች።

«እጅ ሥራ የለመደ ነው፣ አይጎዳም»

ስለ ፊት ብቻ ሲወራ ይሄ ይረሳል። በተለይ ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ቀኑን ሙሉ እጃቸው በረኪናና ሳሙና ውስጥ ነው፣ ከዚያ ደግሞ የኤሲ ደረቅ አየር አለ። እጅ አይለምድም፤ ይሰነጠቃል፣ ይደማል፣ ቆይቶ የእጅ ችፌ ይሆናል። የጎማ ጓንት፣ ከተቻለ ውስጡ ስስ የጥጥ ጓንት፣ ምክንያቱም ጎማው ውስጥ ያለው ላብም ራሱ ይጎዳል። ማታ ቫዝሊን በደንብ ቀብቶ ካልሲ አጥልቆ መተኛት። አዎ፣ ካልሲ፣ እጅ ላይ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አለመደባለቅ ደግሞ ለእጅ ብቻ አይደለም፣ ለሳንባም ነው።

«ብዙ ውሃ ጠጪ»

ጠጡ፣ ለጤና ጥሩ ነው። የተሰነጠቀ ጋን ግን ውሃ በመጨመር አይደፈንም።

«በሳምንት ካልዳነ ክሬሙ አይረባም»

ወጣት ቆዳ አንዴ ቢፋቅ በጥቂት ቀናት ራሱን ይጠግናል። በየቀኑ ለወራት የተፋቀ ግን ሌላ ነው። የላይኛው ቆዳ ከታች ተሠርቶ እስኪታደስ አራት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ ዕድሜ ሲገፋ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴ ሁለት ወር፣ ሳይነካኩ መጠበቅ ነው።

እኔ ያደረግኩት ይሄ ነው። ስክራቡን፣ ቶነሩን፣ ሬቲኖሉን፣ ቫይታሚን ሲውን በካርቶን ዘግቼ አልጋ ሥር ከተትኩ። ማታ ለስላሳ ፌስዋሽ፣ ሴራማይድና ግሊሰሪን ያለው ሽታ የሌለው ክሬም፣ ቫዝሊን። ጠዋት ውሃ፣ ክሬም፣ ጃንጥላ። ክሬሙ ውድ አልነበረም፤ ውድ ከሆነ ይሻላል የሚለውን እዚህ ላይ ተዉት፣ ፎርጅድ አለመሆኑን ማየት ይበልጣል። ፊታችሁ ውሃ የሚያዥ፣ ቢጫ ቅርፊት የሚይዝ ወይም የሚያብጥ ከሆነ ግን ይሄን አትጠብቁ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም። ሁለተኛው ሳምንት መላጡ ቀነሰ፣ እኔ ግን ሎሚ አማረኝ፣ ለመብላት አይደለም። አምስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ቀን ጠዋት ታጥቤ፣ ለብሼ፣ ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ውሃው እንዳላቃጠለኝ ትዝ ያለኝ። ካርቶኑን ከዚያ ሌላ ወር ቆይቼ አወጣሁት። ሬቲኖሏን ብቻ መለስኩ፣ በሳምንት አንድ ማታ፣ ከክሬም በኋላ። ቀሪው አሁንም አልጋ ሥር ነው፤ እናቴ ስትጠርግ «ይሄ ሁሉ ምንድነው?» ብላ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ።