ዲጂታል አንዶን ምንድን ነው?

ዲጂታል አንዶን በማምረቻ መስመር ላይ የተሰማራ ሠራተኛ ችግር ሲያጋጥመው ከቦታው ሳይነሣ የእርዳታ ጥሪ የሚያስተላልፍበት፣ ጥሪው ችግሩን መፍታት ለሚችለው ባለሙያ ወዲያውኑ የሚደርስበት፣ ከጥሪው አንሥቶ እስከ መፍትሔው ያለው ሂደትም በሰዓትና በደቂቃ የሚመዘገብበት ሥርዓት ነው። ሠራተኛው የሚጠራው በማሽኑ አጠገብ በተገጠመ ቁልፍ፣ በታብሌት ወይም በስልክ ሲሆን፣ ጥሪው ከመስመሩ በላይ በተሰቀለ መብራትና ሰሌዳ እንዲሁም በቡድን መሪው ወይም በጥገና ባለሙያው ስልክ ላይ ይታያል። ሥርዓቱ የቆመው ችግርን ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ነው በሚል እምነት ላይ ነው፤ ስለዚህም ያየውን የሚናገርበት፣ ሲያስፈልግም ሥራውን የሚያስቆምበት መንገድ ከእርሱ ዘንድ ሊሆን ይገባል።

ይህ እምነት ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። ጃፓናዊው የፈጠራ ሰው ሳኪቺ ቶዮዳ ክር ሲበጠስ ወዲያው የሚቆሙ የሽመና ማሽኖችን ሠርተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1924 የተጠናቀቀው ማሽናቸው ዝናው ከአገር ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የፈጠራ መብቱን ገዝቷል። ክሩ ተበጥሶ መሥራቱን የሚቀጥል ማሽን የሚያወጣው እንከን ያለበት ጨርቅ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ሠራተኛው ዓይኑን ሳይነቅል ማሽኑን መጠበቅ ነበረበት። ማሽኑ ራሱን ማቆም ሲጀምር አንድ ሰው ብዙ ማሽኖችን መቆጣጠር ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1937 የተመሠረተው የቶዮታ አውቶሞቢል ኩባንያ ይህንኑ መርህ ከማሽን ወደ ሰው አሻገረው፤ የኩባንያው የምርት ሥርዓት ዋና ቀራጭ የነበሩት ታይቺ ኦኖ እንከን ያየ ማንኛውም ሠራተኛ መስመሩን ማስቆም እንዲችል አደረጉ። ከሠራተኞቹ ራስ በላይ የተዘረጋው ገመድና ገመዱ ሲሳብ የሚበራው፣ በጃፓንኛ «አንዶን» (ፋኖስ) የሚባለው ሰሌዳ የዚህ ሥልጣን መሣሪያዎች ናቸው።

ብዙ ሰው ገመዱ በተሳበ ቁጥር መላው ፋብሪካ ቀጥ የሚል ይመስለዋል። የተለመደው አሠራር ግን ከዚህ የረቀቀ ነው፤ የሥርዓቱ ጥበብም እዚሁ ላይ ይታያል። ሠራተኛው ገመዱን ሲስብ ቢጫ መብራት ይበራል፣ ድምፅም ይሰማል፤ መስመሩ ግን መንቀሳቀሱን አያቆምም። መኪናው የዚያን የሥራ ቦታ ወሰን ከመድረሱ በፊት የቡድን መሪው መጥቶ ችግሩ ከተፈታ፣ ገመዱ ዳግመኛ ይሳብና ሥራው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ካልተፈታ መኪናው ወሰኑ ላይ ሲደርስ መስመሩ ይቆማል፣ መብራቱም ቀይ ይሆናል። ሠራተኛው ያየው ነገር መስመር ለማስቆም ይብቃ አይብቃ ብቻውን እንዲወስን አይገደድም፤ ለመጥራት ጥርጣሬ ይበቃዋል። እርዳታ መጠየቅ ይህን ያህል በቀለለበት ቦታ ሰዎች ቶሎና ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ እንከኑም ከአንዱ የሥራ ቦታ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ በምርቱ ውስጥ ከመቀበሩ በፊት ይያዛል።

ይህ ልማድ ከጃፓናውያን ባሕርይ የመነጨ ነው የሚሉ ነበሩ፤ የፍሪሞንት ፋብሪካ ታሪክ ግን ሌላ ያሳያል። የአሜሪካው መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ በካሊፎርኒያ ግዛት ፍሪሞንት ከተማ የነበረውን ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1982 ዘጋ። ፋብሪካው በምርት ጥራት ማነስና በሠራተኞች መቅረት ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት ከተቀጠሩት ውስጥ አብዛኞቹ የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ነበሩ። መስመር ፈጽሞ እንዳይቆም ሲታዘዙ የኖሩት ሰዎች የማስቆም ሥልጣን ከሠለጠነ አመራርና ከቡድን ሥራ ጋር ሲሰጣቸው፣ ብዙ ሳይቆይ የምርታቸው ጥራት ቶዮታ በጃፓን ከሚያመርተው ጋር የሚቀራረብ ሆነ።

እንግዲህ ገመዱ ይህን ሁሉ ከሠራ ዲጂታል መሣሪያ ምን ይጨምራል? አንደኛው ጥሪውን ለይቶ ማድረሱ ነው። ሠራተኛው የጥራት፣ የማሽን፣ የጥሬ ዕቃ ወይም የደኅንነት ጉዳይ መሆኑን በአንድ ንክኪ ሲያመለክት፣ ጥሪው የሚመለከተውን ሰው ፋብሪካው ውስጥ የትም ቢሆን ያገኘዋል፤ በተወሰነው ጊዜ ምላሽ ካልሰጠም ወደ ፈረቃ ኃላፊው፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ አለቃ ይሸጋገራል። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን ማስታወስ መቻሉ ነው። በብዙ ፋብሪካዎች የማሽን መቆም የሚመዘገበው ፈረቃው ሲያበቃ፣ በወረቀት ላይ፣ ከትዝታ እየተለቀመ ነው፤ አጫጭር መቋረጦችም ጨርሶ አይጻፉም። እንበል አንድ ማሸጊያ ማሽን በአንድ ፈረቃ 30 ጊዜ እየተሰነቀረ በእያንዳንዱ ጊዜ 40 ሰከንድ ቢቆም፣ በድምሩ 20 ደቂቃ ጠፍቷል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ 20 ደቂቃ የቆመን ማሽን ሁሉም ያስታውሰዋል፣ ስብሰባም ይጠራበታል፤ በ40 ሰከንድ ተቆራርጦ የጠፋውን ያንኑ ያህል ጊዜ ግን ማሽኑን እየደጋገመ ከሚያጸዳው ሠራተኛ በቀር የሚያውቀው የለም። መዝገቡ ያ ሠራተኛ ሲናገረው የኖረውን ነገር ቁጥር ይሰጠዋል፤ እኔ ከዚህ መሣሪያ ጥቅሞች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

ጥሪው የተላለፈበት፣ ባለሙያው የደረሰበትና ሥራው የተጠናቀቀበት ሰዓት ለየብቻ መያዙም የችግሩን ምንነት ይለያል። 25 ደቂቃ ከፈጀ መቋረጥ ውስጥ 17ቱ ደቂቃ ሰው ወይም መለዋወጫ በመጠበቅ ያለፈ ከሆነ፣ ቴክኒሻኑን ፈጥኖ እንዲጠግን ማሠልጠን ብዙ አይረዳም፤ መለዋወጫውን ወደ መስመሩ ማቅረብ ወይም የባለሙያ ምደባውን ማስተካከል ይሻላል።

መዝገቡ ግን ምክንያቱን ፈልጎ አያገኝም። የምርት መለያ ወረቀቶች ተጣምመው እየተለጠፉ ነው እንበል። ለምን? ሴንሰሩ የወረቀቱን ጠርዝ በትክክል አያነብም። ለምን? ሌንሱ በብናኝ ተሸፍኗል። ብናኙ የሚመጣው ከላይ ካለው መቁረጫ ነው፤ ብናኙን ይስብ የነበረው ቱቦ ደግሞ ማጣሪያው ስለተደፈነ አይሠራም፤ ማጣሪያው የተደፈነውም መቀየሪያ ጊዜው በጥገና መርሐ ግብሩ ውስጥ ስላልተካተተ ነው። ሌንሱን የሚወለውል ሰው ችግሩን ለአንድ ሰዓት ይፈታዋል፣ መርሐ ግብሩን የሚያርም ግን ከሥሩ ይነቅለዋል። ጥያቄዎቹን መጠየቅና ማሽኑ ዘንድ ሄዶ በዓይን ማየት የሰው ድርሻ ሆኖ ይቀራል፤ ዲጂታሉ መሣሪያ የሚያግዘው ችግሩ የትኛው ፈረቃ ላይ ወይም ከየትኛው የጥሬ ዕቃ ለውጥ በኋላ እንደሚበረታ በማሳየት፣ በስልክ የተነሣውን ፎቶ በማስቀመጥና ከወራት በፊት የተገኘውን መፍትሔ ለአዲሱ ሠራተኛ በማቅረብ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተገጠመላቸው አዳዲስ ሥርዓቶች የቆዩ መዝገቦችን አንብበው መፍትሔ ይጠቁማሉ፤ መዝገቦቹ «ተስተካክሏል» ከሚል ቃል ሌላ የያዙት ነገር ከሌለ ግን ጥቆማውም ባዶ ይሆናል።

ሴንሰር ማሽኑ መቆሙን ይነግራል፣ ለምን እንደቆመ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ሠራተኛው ነው። ስለዚህ በታብሌቱ ላይ የሚቀርበው የምክንያት ዝርዝር የአዘጋጁን ቢሮ ሳይሆን የመስመሩን ቋንቋ መናገር አለበት። 60 ምክንያቶች የተደረደሩበት ዝርዝር የቀረበለትና ምርት የሚጠብቀው ሠራተኛ «ሌላ» የሚለውን ነክቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከ10 የማይበልጡ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው የሰየሟቸው ምክንያቶች ይሻላሉ፤ በጓንት የሚነካ ሰፊ ቁልፍ፣ ለማንበብ ለሚቸገር ሰውም ሥዕልና የድምፅ መልእክት ሊኖር ይገባል። መብራቱና ድምፁም ኔትወርክ ሲቋረጥ መሥራታቸውን እንዲቀጥሉ ሆነው መዘጋጀት አለባቸው።

ይህን ሥርዓት ፈጥኖ የሚገድለው ግን የቴክኒክ ጉድለት አይደለም። ጥሪዎቹ በሠራተኛው ስም ተቆጥረው ለሥራ አፈጻጸም ምዘና መዋል ሲጀምሩ ጥሪው ያበቃል፤ ችግሩ ግን አለ፣ የተደበቀ ብቻ ሆኗል። ሠራተኛው ወቀሳን ለመሸሽ ዝም ማለቱ ተገቢ ራስን የመከላከል ርምጃ ስለሆነ በእርሱ ሊፈረድበት አይችልም። መዝገቡ በሥራ ቦታና በማሽን እንጂ በሰው ስም ባይያዝ ይመረጣል። ሙሉ ቀን አንድም ጥሪ ያልመጣበት የሥራ ቦታ ሲኖርም ከማመስገን በፊት ሄዶ ማየትና መጠየቅ ያስፈልጋል። የጠራው ሰው የጥሪው ውጤት ምን እንደሆነ መስማትም መብቱ ነው፤ ጥቆማው የት እንደደረሰ የማይነገረው ሠራተኛ በሌላ ጊዜ አይጠቁምም።

በቶዮታ አሠራር አንድ የቡድን መሪ የሚመደበው ለጥቂት ሠራተኞች ነው፤ ጥሪው በሰከንዶች ውስጥ መልስ የሚያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። ለ40 ሠራተኞች አንድ ተቆጣጣሪ ያለው ፋብሪካ ታብሌት ቢገዛ የሚያገኘው ምላሽ ያጡ ጥሪዎች ክምችት ይሆናል። በእኔ እምነት መጀመሪያ መወሰን ያለበት ለየትኛው ጥሪ ማን፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ እንደሚደርስ ነው፤ ይህም በአንድ መስመር ላይ፣ በተራ መብራትና በወረቀት መዝገብ ተሞክሮ መሥራቱ ሲረጋገጥ ሶፍትዌሩን መግዛት ያዋጣል። ሥርዓቱ ሥራ በጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጥሪዎች ቁጥር ሊያሻቅብ ይችላል፤ ይህም ሲደበቁ የኖሩ ችግሮች መናገሪያ ማግኘታቸውን ስለሚያሳይ ኃላፊዎችን ሊያስደነግጥ አይገባም። እየቀነሰ መሄድ ያለበት ከጥሪው እስከ ምላሹ ያለው ጊዜና በአንድ ምክንያት ተመላልሶ የሚመጣው ጥሪ ነው።