ስለ አማተር ሬዲዮ ውድድር የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አንባቢ

አማተር ሬዲዮ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ የታወቀ አገልግሎት ሲሆን፣ ፈቃድ ያላቸው ግለሰቦች ያለ ምንም የገንዘብ ጥቅም፣ ለራሳቸው ሥልጠና፣ ለእርስ በርስ ግንኙነትና ለቴክኒክ ምርምር ሲሉ በሬዲዮ ሞገድ የሚገናኙበት ነው። ከዚህ አገልግሎት ውስጥ በእኛ ዘንድ እምብዛም የማይታወቀው የውድድሩ ዘርፍ ነው። በተወሰነ ሰዓት ውስጥ በተቻለ መጠን ብዙ ጣቢያዎችን ከብዙ አገሮች ማግኘትና የተለዋወጡትን መልእክት ሳይሳሳቱ መመዝገብ የውድድሩ ዋና ሥራ ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ ቡና እየተጠጣ ወሬው ሲነሣም ሆነ ኮምቦልቻ ውስጥ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ከሚማሩ ወጣቶች ጋር ስነጋገር ተመሳሳይ የተሳሳቱ አመለካከቶች ደጋግመው ይገጥሙኛል። አብዛኞቹ ፍላጎት ያለውን ሰው ገና ከበሩ የሚመልሱ በመሆናቸው አንድ በአንድ ላነሣቸው ወድጃለሁ።

«የሬዲዮ ውድድር ማለት ለኤፍ ኤም ጣቢያ ደውሎ ጥያቄ መመለስ ነው»

የሬዲዮ ውድድር ሲባል አዘጋጁ ጠይቆ አድማጩ የሚመልስበት ፕሮግራም ወደ አእምሮ መምጣቱ አያስገርምም። በአማተር ሬዲዮ ውድድር ግን አዘጋጅና አድማጭ የሚባል ክፍፍል የለም፤ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ተናጋሪም አድማጭም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የሚታወቀውንና ከዓለም ታላላቅ ውድድሮች አንዱ የሆነውን ሲኪው ወርልድ ዋይድን ለምሳሌ እንውሰድ። አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ክለብ ጣቢያ የጥሪ መለያው ኢቲ3ኤኤ ነው። የዚህ ጣቢያ ኦፕሬተር «ሲኪው ኮንቴስት፣ ኤኮ ታንጎ ስሪ አልፋ አልፋ» ብሎ ሲጣራ (ሲኪው «የሚሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ» ማለት ነው፤ ከኤኮ ጀምሮ ያለው ደግሞ መለያው ፊደል በፊደል ሲጠራ ነው) አንድ የጃፓን ጣቢያ የራሱን መለያ ይናገራል። ኦፕሬተሩ መለያውን ደግሞለት «ፋይቭ ናይን፣ ሰርቲ ሰቨን» ይለዋል፤ ጃፓናዊው «ፋይቭ ናይን፣ ትዌንቲ ፋይቭ» ብሎ ይመልሳል፤ በ«ታንክ ዩ» ተሰነባብተው ወደሚቀጥለው ይታለፋል። 59 የድምፁን ጥራትና ጥንካሬ የሚገልጽ ሪፖርት ሲሆን፣ በውድድር ላይ ለሁሉም መስጠቱ የተለመደ ሆኗል። 37 ኢትዮጵያ የምትገኝበት የውድድር ቀጠና ነው፤ 25 ደግሞ የጃፓን። ይህ ሁሉ 10 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ስለ ኑሮና ስለ አየሩ ጠባይ መጨዋወት ውድድር ለሌለበት ቀን ይቆያል።

«ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሞገዱ ያለ ችግር ሩቅ ይሄዳል፤ ኮምቦልቻ ግን ዝቅ ብላለች»

ይህ አስተሳሰብ ከፊል እውነት ስላለው ነው በቀላሉ የማይነቀለው። በእይታ መስመር ለሚጓዙ ሞገዶች፣ ለምሳሌ ለ2 ሜትር ባንድ (ባንድ ማለት በሞገዱ ርዝመት የሚሰየም የሞገድ ክልል ነው)፣ ከፍታ በእርግጥ ይጠቅማል። ታላላቆቹ ውድድሮች የሚካሄዱት ግን በ160፣ በ80፣ በ40፣ በ20፣ በ15 እና በ10 ሜትር ባንዶች ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ፣ ወላጆቻችን የአሜሪካ ድምፅንና የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ይከታተሉባቸው ከነበሩት የአጭር ሞገድ ባንዶች ጎን ለጎን የሚገኙ ናቸው። አጭር ሞገድ ሩቅ አገር የሚደርሰው ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከምድር በ200 እና በ400 ኪሎ ሜትር መካከል ከሚገኘው የአዮኖስፌር (የፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ የሚሞላው የላይኛው ከባቢ አየር) ክፍል ታጥፎ በመመለስ ነው። ከዚህ ርቀት ጋር ሲነጻጸር ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,800 ሜትር ጥቂት ከፍ ብለው መገኘታቸው የሚያመጣው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ልዩነት የሚያመጣው የመሬቱ ገጽታ ነው። ሞገዱ ሩቅ እንዲደርስ ከአድማስ ብዙም ከፍ ሳይል፣ በዝቅተኛ ማዕዘን መውጣት አለበት። ደሴ በምዕራብ በጦሳ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል የተከበበች ስለሆነች፣ ከመሀል ከተማ ወደ ጦሳ አቅጣጫ ዝቅ ብሎ የሚወጣ ሞገድ ከተራራው ጋር ይጋጫል። አውሮፓም ሆነ ሰሜን አሜሪካ ከእኛ በስተሰሜንና በሰሜን ምዕራብ፣ ጃፓን ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ስለሚገኙ፣ ደሴ ላይ አንቴና የሚተክል ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው የሰሜኑ አድማስ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ነው። ከሸለቆው ወለል ይልቅ ፊቱ ወደሚፈለገው አቅጣጫ የሚወርድ ቁልቁለት አናት ይመረጣል፤ ቁልቁለት ሞገዱ በዝቅተኛ ማዕዘን እንዲወጣ ያግዘዋልና። በእኔ ግምት የቦሩ ሜዳ ገላጣ መሬት ከመሀል ደሴ ይልቅ ለዚህ ሥራ ይመቻል።

ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ፈተናው ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ በማለቷ የምታጣው ነገር የለም፤ የምትጎዳው በኤሌክትሪክ ጫጫታ ነው። የፋብሪካ ሞተር፣ የብየዳ ማሽን፣ በየቤቱ የተሰካው ርካሽ ቻርጀርና ኤልኢዲ አምፖል ሁሉ በአጭር ሞገድ ላይ የማያቋርጥ ጩኸት ይለቃሉ፤ ከሩቅ የሚመጣውን ቀጭን ድምፅም ይውጡታል። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ሲጠፋበት በባትሪ የሚሠራ መቀበያ የከፈተ ሰው ልዩነቱን ወዲያውኑ ይሰማዋል፤ ጩኸቱ ዝቅ ይልና ከሥሩ ተቀብረው የነበሩ ጣቢያዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። የ100 ዋት ሬዲዮ ከ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ሲሆን፣ ሲያስተላልፍ 20 አምፔር ገደማ ይስባል። በሚገባ የተሞላ የመኪና ባትሪ ያለው ተወዳዳሪ ስለዚህ መብራት የጠፋበትን ሰዓት ሊጠቀምበት ይችላል።

«የሚያሸንፈው ብዙ ገንዘብና ትልቅ ማሽን ያለው ነው»

ተወዳዳሪዎች በኃይል መጠን ተከፋፍለው ነው የሚመዘኑት። በሲኪው ወርልድ ዋይድ እስከ 1,500 ዋት፣ እስከ 100 ዋት እና እስከ 5 ዋት የሚጠቀሙ ጣቢያዎች በየምድባቸው ይወዳደራሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 በሲያትል የተጀመረው የዓለም የሬዲዮ ስፖርት የቡድኖች ሻምፒዮናም ተወዳዳሪዎችን በአንድ አካባቢ ሰብስቦ፣ ተመሳሳይ አንቴናና ተመሳሳይ የኃይል ገደብ ሰጥቶ፣ የሰውን ችሎታ ብቻ ለመለካት የተዘጋጀ ነው።

መሣሪያው ርካሽ ነው እያልኩ አይደለም። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሬዲዮ ለአንድ ደመወዝተኛ ከባድ ወጪ ነው፤ ለዚህም ነው በክለብ መጀመር ይሻላል የምለው። አንቴናው ግን ሰዎች የሚፈሩትን ያህል አይደለም። ለ20 ሜትር ባንድ የሚሆን ዳይፖል በጠቅላላው 10 ሜትር ገደማ የሆነ የመዳብ ሽቦ ነው፤ መሀሉ ላይ ተከፍሎ እያንዳንዱ ክንድ 5 ሜትር ይሆንና ከኬብሉ ጋር ይገናኛል። ከመሬት 10 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከተሰቀለ አህጉር የማቋረጥ አቅም አለው፤ ለዚህም ሁለት ረጃጅም ባሕር ዛፎች ይበቃሉ።

በገንዘብ የማይገዛው እውቀት ሰማዩ መቼ ወዴት እንደሚከፈት ማወቅ ነው። ቀን ላይ ፀሐይ የአዮኖስፌርን የታችኛውን ንብርብር ስለምታነቃ፣ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያላቸው የ160 እና የ80 ሜትር ሞገዶች እዚያው ተውጠው ይቀራሉ፤ 20፣ 15 እና 10 ሜትር ግን አልፈው ይሄዳሉ። ሲመሽ ያ ንብርብር ይጠፋና ተራው የዝቅተኞቹ ባንዶች ይሆናል። በዚህ ላይ በግምት በየ11 ዓመቱ የሚመላለሰው የፀሐይ ነጠብጣብ ዑደት አለ። 25ኛው ዑደት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 የጀመረ ሲሆን፣ ከፍተኛው ወቅት ላይ መድረሱ በኦክቶበር 2024 ተነግሯል፤ በእንዲህ ያለ ወቅት 10 ሜትር ባንድ በጥቂት ዋት ዓለምን ያዳርሳል። ኢትዮጵያ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፍባት አገር መሆኗም ጠቃሚ ነው። ከፍተኞቹ ባንዶች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ቶሎ አይዘጉብንም፤ የሰሜን ዋልታ ጎረቤቶችን የሚያስቸግረው የአውሮራ (የዋልታ ብርሃን) ረብሻም ከእኛ ሩቅ ነው።

«ብዙ ጣቢያ ያገኘ እሱ ያሸንፋል»

እንዲህ ቢሆን ኖሮ ከአውሮፓ መሀል የሚወዳደርን ሰው ማንም ባልደረሰበት ነበር። በሲኪው ወርልድ ዋይድ ከሌላ አህጉር ጋር የተደረገ ግንኙነት 3 ነጥብ፣ በራስ አህጉር ካለ ሌላ አገር ጋር የተደረገ 1 ነጥብ ሲያስገኝ፣ ከአገር ልጅ ጋር የተደረገ ግን ነጥብ የለውም። በእያንዳንዱ ባንድ ላይ የተገኙ አገሮችና ቀጠናዎች ደግሞ ተደምረው ጠቅላላ ነጥቡ የሚባዛበት ማባዣ ይሆናሉ። አንድ ጣቢያ 1,000 ግንኙነት በ3 ነጥብ አድርጎ 60 ማባዣ ቢሰበስብ ውጤቱ 180,000 ይሆናል። ሌላው 700 ግንኙነት ብቻ በዚያው በ3 ነጥብ አድርጎ 100 ማባዣ ቢያገኝ 210,000 ይደርስና ይበልጠዋል። ስለዚህ ጎበዝ ተወዳዳሪ አንድ ቦታ ተቀምጦ ከመጣራት ይልቅ፣ መቼ ባንድ መቀየርና መቼ አዲስ አገር ፍለጋ መውጣት እንዳለበት ያውቃል።

ለእኛ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ጀርመናዊው ፖላንዳዊውን ሲያገኝ 1 ነጥብ የሚቆጠርለት ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ የሚጣራ ሰው ግን ጀርመናዊውም፣ ፖላንዳዊውም፣ ጃፓናዊውም 3 ነጥብ ይሰጡታል። ከዚህም በላይ ከኢትዮጵያ የሚሰማ ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ፣ ኢቲ የሚል መለያ ለሌሎች ተፈላጊ ማባዣ ነው። ጥሪው እንደተሰማ ብዙ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። ኦፕሬተሩ ከዚያ ሁካታ መሀል ሁለት ፊደል ብቻ ይለይና «ሮሜዮ ታንጎ» ብሎ ይመልሳል፤ ሥርዓት ያላቸው ሌሎቹ ዝም ይላሉ፣ የተጠራው ብቻ መለያውን አሟልቶ ይናገራል። ይህን ጆሮ ማዳበር ከማንኛውም ማጉያ የበለጠ ዋጋ አለው። ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ በ100 ዋት የሚወጣ ድምፅ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ በሌላኛው ጫፍ ያሉት ግን ትልልቅ አንቴናቸውን ወደ እኛ አዙረው ይሰሙታል፣ ምክንያቱም ይፈልጉታል።

«ለ48 ሰዓት ሳይተኙ መቀመጥ ግዴታ ነው»

ግዴታ አይደለም። ውድድሩ በእኛ አቆጣጠር ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተጀምሮ እሁድ ለሰኞ አጥቢያ በዚያው ሰዓት ያበቃል፤ በመሀሉ አንድ ሰዓት ብቻ የሠራም ውጤቱን መላክ ይችላል።

«ሬዲዮ ይዞ ከውጭ አገር ጋር የሚያወራ ሰው አንድ ነገር አለው»

ይህን ጥርጣሬ አላቃልለውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደጃፉ ድረስ የመጣበት የወሎ ሕዝብ አንቴና ሲያይ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ሆኖም የአማተር ሬዲዮ ደንብ ከድብቅነት ተቃራኒ ነው። በአገሮች መካከል የሚደረግ የአማተር ግንኙነት ትርጉሙን ለመሰወር በምስጢር ኮድ እንዳይተላለፍ ዓለም አቀፉ ደንብ ይከለክላል፤ እያንዳንዱ ጣቢያ መለያውን በየጊዜው መናገር አለበት፤ መለያውም በመንግሥት ፈቃድ ላይ የተመዘገበ ነው። በአገራችን የሬዲዮ ስፔክትረምን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ያለ ፈቃድ እንኳን ለውድድር፣ ለሙከራም ቢሆን ማስተላለፍ አይገባም። ሬዲዮ ገዝቶ ከመጀመር በፊት ፈቃዱን መጠየቅ፣ ጎረቤትንና ቀበሌን ማሳወቅ፣ የመጣ ሰው ካለም አስገብቶ ማሰማት ጥርጣሬውን ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያስወግደዋል።

«ማን ያረጋግጣል? የፈለገ የፈለገውን ቁጥር ይጽፋል»

የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ መዝገብ በተለምዶ ሎግ ይባላል፤ ውድድሩ ካበቃ በ5 ቀን ውስጥ ለአዘጋጆቹ ይላካል። ከዚያ ኮምፒዩተር የእኔን ሎግ አገኘሁት ካልኩት ሰው ሎግ ጋር ያመሳክረዋል። እሱ ካልመዘገበኝ ወይም እኔ አንድ ፊደል ካሳሳትኩ ግንኙነቱ ይሰረዝብኛል፣ ቅጣትም ይጨመርበታል። በዚህ ላይ የሚያጓጓ የገንዘብ ሽልማት የለም፤ የሚሰጠው የምስክር ወረቀትና የመታሰቢያ ሰሌዳ ነው።

«በኢንተርኔት ዘመን፣ ያውም በሞርስ፣ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው»

ሞርስ ፊደላትን በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚያስተላልፍ ኮድ ነው። የሞርስ ፈተና ለአጭር ሞገድ ፈቃድ ግዴታ መሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ግዴታነቱ ቢቀርም የሲኪው ወርልድ ዋይድ የሞርስ ውድድር በየዓመቱ በኅዳር አጋማሽ ገደማ ይካሄዳል፤ ምክንያቱም ቴክኒካዊ ነው። ድምፅ 2,500 ኸርትዝ ገደማ የሚፈልግ ሲሆን ለሞርስ 200 ኸርትዝ እንኳ ይበቃዋል፤ ኃይሉ በጠባብ ቦታ ስለሚሰበሰብ ድምፅ ተሰባብሮ በሚጠፋበት ሁኔታ እሱ ይሰማል። ኢንተርኔትን በተመለከተ፣ የስልክ መስመርና ዳታ የተቋረጠበትን ጊዜ ለሚያስታውስ የደሴ ሰው ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ማማና ፋይበር የማይፈልግ ግንኙነት በውድድር የሠለጠነ ሰው ሲይዘው በችግር ጊዜ መልእክት በትክክል ያደርሳል።

«ፈቃድ እስካገኝ ድረስ የምሠራው ነገር የለም»

ከውድድሩ ሥራ ትልቁ ድርሻ ማዳመጥ ስለሆነ ከዚያ መጀመር ይቻላል። ተራ ሬዲዮ የአማተሮችን ድምፅ እንደ ተጨማደደ ማጉረምረም ነው የሚያሰማው፤ ኤስኤስቢ (አማተሮች ድምፅ የሚያስተላልፉበት ስልት) የሚል ቁልፍ ያለው መቀበያ ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም ክፍት ያደረገውን መቀበያ በስልክ ከፍቶ መስማት ይቻላል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ግን እዚያ አገር የደረሰው ሞገድ ነው። የድምፁ ውድድር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር የመጨረሻው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ፣ በእኛ በጥቅምት አጋማሽ ገደማ ይውላል፤ ክረምቱ ስላለፈም የመብረቅ ረብሻው ቀንሶ ይገኛል። በመቀበያው ከሰዓት በኋላ ከ14.125 እስከ 14.300 ሜጋኸርትዝ (በ20 ሜትር ባንድ) ድረስ ቀስ እያሉ መፈለግ፣ ከዚያ ወደ 21 እና ወደ 28 ሜጋኸርትዝ (ወደ 15 እና ወደ 10 ሜትር ባንድ) መውጣት፣ ሲመሽ ወደ 7 ሜጋኸርትዝ (ወደ 40 ሜትር ባንድ) መውረድ ነው። ደብተር ይዞ ሰዓቱን፣ ባንዱን፣ የጥሪ መለያውንና የቀጠናውን ቁጥር መጻፍ ይገባል። አዘጋጆቹ የተወዳዳሪዎቹን ሎግ ለሕዝብ ይፋ ስለሚያደርጉ፣ የጻፉትን መለያ ከታተመው ጋር ፊደል በፊደል እያመሳከሩ ጆሮን መፈተሽ ይቻላል።